ዓይን ያልበላቸው እንቁላሎች

እንቁላልን የማያውቅ የለም። ጠብሰን በልተነዋል፤ ቀቅለን በሚጥሚጣ አጥቅሰነዋል፤ በበዓል ከዶሮው ወጥ ውስጥ አውጥተን ለምናከብረው እንግዳ አቅርበነዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልንም ቸኩሎ ያስቸገረንን ልጅ ሁሉ መክረንበታል። ተረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን ስንተርተው አንድ ጥያቄ ብቅ ያለልን አይመስለኝም፤ በእግሩ ሳይሄድ የቀረው እንቁላልስ? ሃያ አንዱን ቀን ሙሉ ሙቀት ሳይጓደልበት፣ ሲገላበጥና ሲጠበቅ ከርሞ በሃያ ሁለተኛው ቀን ዝም ያለው እንቁላል ምን ነክቶት ነው?

ይህ የገበሬ ጥያቄ እንጂ ለከተሜ ምኑ ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ዙሪያዎን ይመልከቱ። አንዷ እንቁላል ከ10 ብር በላይ በምትሸጥበት በዚህ ጊዜ ጡረታ የወጣውም፣ ሥራ የፈታውም፣ ደሞዙ ከወር ወር አላደርስ ያለውም ከጓሮው ጥግ ዶሮ ማርባት ሲያምረው እናያለን። ከእነዚህ መካከል የአንድ ቀን ጫጩት ወረፋ ጠብቆ ከመግዛት «ለምን ራሴ አልፈለፍልም?» የሚል አይጠፋም። ከቻይና የሚመጡት፣ ሃምሳም መቶም እንቁላል የሚይዙት ትንንሽ ማሽኖች የተሠሩት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ከእንዲህ ያሉት ሰዎች አንዷ ደግሞ እናቴ ናት።

እናቴ 31 ዓመት ሙሉ ሳይንስ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቤቷ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. እቁብ ሲደርሳት ያረጀውን ሶፋ ትቀይራለች ብለን ስንጠብቅ 56 እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ ማሽን ይዛ ገባች። ባሕር ማዶ ያለው ወንድሜ በስልክ «እማዬ፣ መጫወቻ ነው የሸጡልሽ» አላት። «መጫወቻ መሆን አለመሆኑን ጫጩቶቹ ይነግሩሃል» ብላ ዘጋችበት። እኔ ነጻ ጸሐፊ ነኝ፤ ማለትም ቋሚ ደሞዝ የለኝም፤ ስለዚህ በሰው የገቢ ምንጭ ላይ አስተያየት ከመስጠት ተቆጠብኩ።

የካቲት ላይ 56ቱ እንቁላል ገባ። ሃያ አንደኛው ቀን መጣ፤ ዝም። ሃያ ሁለተኛው፤ ዝም። በሃያ ሦስተኛው ቀን አንድ ሁለት እያሉ 11 ጫጩቶች ወጡ። ሆዳቸው ያበጠ፣ እግራቸው የማይጸና ደካሞች ነበሩ። የቀሩት 45ቱ እንደ ድንጋይ ተቀመጡ።

ገንዘቡ አንገብግቧታል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቀጥላ የተናገረችው ነው።

«ዓይን ነው የበላብኝ» አለች።

ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን ከ30 ዓመት በላይ የኖርን አንዲት ጎረቤት አሉን። ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» ብቻ ነው የምላቸው። እናቴ ፈተና ስታርም ሲመሽባት እራቴን የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። አባቴ የሞተ ጊዜ እስከ አርባው ድረስ እናቴ ዘንድ ያደሩት እሳቸው ናቸው። እኚህ ሴት እንቁላሎቹ ማሽን በገቡ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ለቡና ይመጣሉ። እናቴ አንዱን እንቁላል በስልኳ መብራት ላይ አድርጋ ውስጡ የሚንፈራገጠውን ታሳያቸዋለች። እሳቸውም «ውይ! ይሄ ሁሉ ጫጩት ሊሆን ነው?» ይላሉ። እንትፍ እንትፍ አላሉም። በስመ አብ አላሉም። በቃ፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው። ጫጩቶቹ ሲቀሩ ጊዜ የቡናውም ጥሪ አብሮ ቀረ። እትዬ ሁለት ሦስት ቀን በር በሩን ሲያዩ ሰነበቱና እሳቸውም ዘጉ።

ሠላሳ ዓመት ሰው «ዓይን» የሚባለውን እንዳያምን ልጆች ስታስተምር የኖረች ሴት በመጨረሻ እዚያው መግባቷ ብዙ አላስደነቀኝም። ኪሳራ ሲመጣ ሁላችንም በደለኛ እንፈልጋለን፤ በደለኛ ደግሞ ከሩቅ አይፈለግም።

* * *

የእኔ ዲፕሎማ በጋዜጠኝነት ነው። በዚያ ትምህርት መጀመሪያ ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ፣ ዜና ስድስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት የሚለው ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ለምን። እናቴ አምስቱን ትታ «ማን» ላይ ቆማ ነበር። እኔ ከ«ምን» እና ከ«መቼ» እንጀምር አልኳት። ምስክሮቹ የትም አልሄዱም፤ 45ቱም ማሽኑ ውስጥ አሉ። እንክፈታቸው።

«ገምተው ቢሆንስ?»

«መግማታቸውም ቃል ነው፤ እንጽፈዋለን።»

አፍንጫችንን በነጠላ አስረን ጓሮ ወጣን። እኔ ሰባሪ፣ እናቴ ጸሐፊ። ያልተፈለፈለ እንቁላል ሲከፈት የሞተበትን ቀን ይናገራል፤ ትልልቆቹ መፈልፈያዎችም ችግራቸውን የሚያውቁት በዚሁ መንገድ ነው። እኛም በአራት መደብ ከፈልናቸው።

የመጀመሪያዎቹ 14ቱ ጥርት ያሉ ነበሩ። አስኳሉ እንዳለ ነው፤ ደም የለ፣ ክር የለ። እነዚህ አልሞቱም፤ መጀመሪያም ሕይወት አልነበራቸውም። አውራ ያላጠቃት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩት ግን የለውም። ሱቅ የምንገዛው የእርባታ እንቁላል በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል የሚገኘው ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆኑ ዶሮዎች አንድ ደህና አውራ ካለበት ቤት ነው። ለእናቴ የሸጠላት ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ኖሯል።

ሁለተኛዎቹ 9 ነበሩ። በአስኳሉ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ የደም መስመር አለ። ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ተነሥቶ፣ ደም ሥሩን ዘርግቶ ሞተ ማለት ነው፤ ሲሞት ደሙ ወደ ዳር ሸሽቶ ቀለበት ይሠራል። ለዚህ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች ዋናው የእንቁላሉ አያያዝ ነው። «ስንት ቀን አስቀምጠሻቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 16፣ በመጨረሻ 20 እያለች በ12 ቀን ነበር ያጠራቀመቻቸው። የት? ማቀዝቀዣው ላይ። ውስጡ ሳይሆን አናቱ ላይ፤ ከጀርባው ሙቀት የሚወጣበት ቦታ። እንቁላል ከመፈልፈሉ በፊት ከ7 ቀን በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቀን ይቀንስለታል። የሚቀመጥበትም ቦታ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ነው። ሞቅ ያለ ቦታ ካገኘ ሽሉ «ጊዜው ደረሰ» ብሎ ይጀምራል፤ ሙቀቱ በቂ ስላልሆነ ደግሞ መሐል ላይ ይቀራል።

ሦስተኛዎቹ 4 ብቻ ናቸው። የአውራ ጣት የሚያህሉ፣ ላባ ገና ያላወጡ። በመካከለኛው ሳምንት የሞቱ ናቸው።

እዚህ ላይ እናቴን እርሳሷን አስቆምኳት።

«እማዬ፣ እትዬ የገቡት በስንተኛው ቀን ነው?»

«በአሥራ ስድስተኛው።»

«14 ሲደመር 9 ሲደመር 4?»

አስተማሪ ናትና ድምር አይጠፋባትም። 27። ከ45ቱ 27ቱ እትዬ እግራቸው ከደጃችን ሳይደርስ በፊት ያለቀላቸው ነበሩ። እናቴ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ግን እንደ ዋዛ እጅ አልሰጠችም። «እነዚያስ 18ቱ?» አለች።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የቀሩት 18ቱ ሙሉ ጫጩት ነበሩ። ላባቸው፣ ጥፍራቸው፣ መንቁራቸው ላይ ያለችው ቅርፊት መስበሪያ ጥርስ ሳትቀር ተሟልታለች። ስድስቱ ቅርፊቱን ሸንቁረው እዚያው ቀርተዋል። 12ቱ አልሸነቆሩም። የሞቱት ከአሥራ ስምንተኛው ቀን ወዲህ ነው፤ ማለትም እትዬ ካዩአቸው በኋላ። ለዓይን የሚመች ማስረጃ ይህ ነበር፤ ጊዜውም የሚገጥም ይመስላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው «መቼ» ብቻውን የማይበቃው።

* * *

በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል የአየር ከረጢት አለ። እንቁላል በሚታቀፍበት ጊዜ ውኃው በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እየተነነ ከረጢቱ ይሰፋል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን የእንቁላሉን ሲሶ ያህል ቢይዝ ደህና ነው። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚተነፍሰው ከዚያ ከረጢት ነው። የእኛዎቹ ከረጢት ከዚህ በጣም የሰፋ ነበር። ውስጠኛው ስስ ሽፋን ደግሞ ደርቆ እንደ ብራና ጠንክሮ በጫጩቱ ላይ ተጣብቋል። ስድስቱ የሸነቆሩት በዚያ ብራና ተጠፍረው መዞር አቅቷቸው ነው የሞቱት። ጫጩት ለመውጣት ቅርፊቱን ዙሪያውን እየከረከመ መዞር አለበት፤ ካልዞረ አይወጣም።

ምን አደረቃቸው? ወሩ የካቲት ነበር፤ የአዲስ አበባ አየር ከንፈር የሚሰነጥቅበት። ማሽኑ ውስጥ ለውኃ የተሠራችው ቦይ ከጣት አትሰፋም። በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት 65 በመቶና ከዚያ በላይ እርጥበት ያስፈልጋል። በተለይ በመጨረሻ ክዳኑ መከፈት የለበትም፤ አንዴ ሲከፈት እርጥቡ አየር ወጥቶ ያልቃል። እናቴ ግን ከሃያኛው ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ እየከፈተች ታያቸው ነበር። ማን ይፈርድባታል? የቆጠረቻቸው ቀኖች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር መብራት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሰባት ሰዓት ቆየ። እናቴ እንዳይበርዳቸው ብላ ማሽኑን በሁለት ብርድ ልብስና በአባቴ ጋቢ ጠቅልላ አደረች፤ የአየር ቀዳዳዎቹንም ጭምር። እንዲህ ያለው ነገር ከፍቅር ይመጣል። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ሽል ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው አየር ነው። በመጨረሻው ሳምንት እንቁላል ከብርድ ይልቅ መታፈንን ይፈራል። 12ቱ ሳይሸነቁሩ የሞቱበት ቀን ከዚያች ሌሊት ጋር ይገጥማል።

ሦስተኛው «የት» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ስለዚህኛው ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት አንድም ቃል የለውም። የእናቴ ቤት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከፍታ በሌላም በኩል ይጎዳል፤ አየሩ ስለሳሳ ከእንቁላል የሚወጣው እንፋሎት ይፈጥናል። ስለዚህ የደጋ እንቁላል አየር ያንሰዋል፤ ቶሎም ይደርቃል። ቀዳዳውን ብንከፍት ይደርቃል፤ ብንዘጋው ይታፈናል። መፍትሔው ቀዳዳውን ከፍቶ ውኃውን ማስፋት ነው። ልብ ይበሉ፤ ማስፋት እንጂ ማጥለቅ አላልኩም። እርጥበት የሚወጣው ከውኃው ፊት ነውና ጥልቅ ብርጭቆ ከዝርግ ሳህን አይበልጥም። እንቁላሉም ቢቻል እዚያው ደጋ ከኖሩ ዶሮዎች ቢሆን ይሻላል፤ በከፍታ ላይ የኖረ ዘር እንቁላሉን ለአየሩ የሚስማማ አድርጎ ይሠራዋል።

አሁንም አንድ ነገር ቀረን። ከሞቱት ይልቅ ያስገረሙኝ በሕይወት ያሉት ናቸው። ለምን በሃያ ሦስተኛው ቀን? ጫጩት ቀን ቆጣሪ ነው። ሙቀት ሲበዛበት በአሥራ ዘጠነኛው ወይም በሃያኛው ቀን ይቸኩላል፤ እምብርቱ ሳይዘጋ ይወጣል። ሙቀት ሲያንሰው ይዘገያል፤ ሆዱ አብጦ፣ እግሩ ደክሞ ይወጣል። የእኛዎቹ የሁለተኛው ዓይነት ነበሩ። ማሽኑ ግን ያለማቋረጥ 37.8 ዲግሪ እያለ ይጽፋል። ከሁለት አንዱ ይዋሻል፤ ጫጩቱ ወይም ማሽኑ።

ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ጎረቤት የማሽኑን መለኪያ ነቅለን በፈላ ውኃ እንፈትነው፣ 100 ካሳየ ትክክል ነው አለ። እናቴ ያኔ ሳቀች፤ ከስንት ቀን በኋላ። «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል አላስተማርኩህም?» እውነቷን ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል። 100ን የሚጠብቅ ሰው ደህናውን መለኪያ ተሳስቷል ብሎ ያበላሸዋል። ከመደርደሪያ ያወጣችው የሰው ትኩሳት መለኪያዋን ነበር፤ ያቺን አሮጌ ባለሜርኩሪ። ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ላለው ሙቀት ከእሷ የታመነ መለኪያ በቤት ውስጥ አይገኝም። አራግፋ እንቁላሎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አጋደመቻት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አነበበች፤ 36.9። ደግማ አራገፈች፤ 36.9። ይህ መለኪያ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቆም ነውና፣ በተለካበት ጊዜ ማሽኑ አንዴም እንኳ ከ36.9 አላለፈም ማለት ነው። ወሬኛው ማሽኑ ነበር።

የእርጥበት መለኪያውን ደግሞ በጨው ፈተነችው። አንድ ቆርኪ ሙሉ ጨው በጥቂት ውኃ ታርሶ ከመለኪያው ጋር በፌስታል ውስጥ ታሽጎ ሰዓታት ሲቆይ፣ አየሩ 75 በመቶ ላይ ይረጋል። የእኛው 68 አለ። ሰባት ይጎድለዋል፤ ተጻፈ።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ የአባቴ ፎቶ ኋላ ሸጎጠችው። ስለ እትዬ ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት። እንዲህ ያለው ነገር እንደ እንቁላሉ ነው፤ በሰዓቱ ካልሆነ በጥፍር አይከፈትም።

* * *

ስለ መፈልፈያ ሲነሣ ዕውቀቱ ከቻይና ማሽን ጋር የመጣ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ግብፆች እንቁላልን ያለ ዶሮ መፈልፈል ከጀመሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አርስቶትል ሳይቀር ጽፎላቸዋል። ከጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ ኩበት እየነደደ የሚሞቁ ምድጃዎች ነበሯቸው። እነዚያ ባለሙያዎች ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። እንቁላሉን አንሥተው የዓይናቸው ቆብ ላይ ያስነኩታል፤ የቆቡ ስስ ቆዳ ከበዛውና ካነሰው ይለየዋል። ሬኦሙር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን ጥበብ ለአውሮፓ ሊያስተምር በ1749 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ለሙቀት መለኪያ የራሱን ስኬል ያወጣው ሰውዬ ነው፤ መፈልፈልን ለማወቅ ግን ፊቱን ወደ ግብፅ ነው ያዞረው።

የገጠሯ ዶሮ ደግሞ ወረቀትም ምድጃም ሳያሻት 12 ወይም 13 እንቁላል ታቅፋ አሥር ያህል ጫጩት ይዛ ትነሣለች። ምን ታደርጋለች? በመንቁሯ በቀን ብዙ ጊዜ ትገለብጣቸዋለች፤ ካልተገለበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃልና። በቀን አንድ ጊዜ ጥሬ ለመልቀም ሩብ ሰዓት ትነሣለች፤ እንቁላሉ ይበርዳል፤ ምንም አይሆንም። ከዚህ የምንማረው አለ። ለአጭር ጊዜ መብራት ሲጠፋ መደናገጥ አያስፈልግም። እንቁላል መጠነኛ ብርድን ይታገሣል። የማይታገሠው ትርፍ ሙቀትን ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ሁሉም ሊያልቅ ይችላል።

* * *

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። እንቁላሉ አውራ ካላቸው ሁለት የሰፈራችን ሰዎች ቤት፣ በ5 ቀን ውስጥ ተሰበሰበ። የቆሸሸው አልታጠበም፤ ተለይቶ ተበላ። በውኃ ማጠብ የቅርፊቱን መከላከያ አንሥቶ ቆሻሻውን በቀዳዳው ወደ ውስጥ ያስገባል። ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ አንድ ሌሊት አረፈ። ማሽኑ 38.4 ላይ ተሞላ፤ እውነቱ 37.5 እንዲሆን። ቀዳዳዎቹ ተከፈቱ፤ ከቦይዋ ሌላ ዝርግ የሻይ ሳህን ተጨመረ።

በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል፣ የሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቱቦ ከስልኩ መብራት ጋር ገጥመን አየናቸው። ቀይ ሸረሪት የመሰለ ደም ሥር ያለው ይቆያል። አራቱ ጥርት ያሉ፣ ሁለቱ ባለ ቀለበት ነበሩና ወጡ። የወርቅ ሚዛን ተውሰን አንዱን ምልክት ያደረግንበትን እንቁላል መዘንን። ሲገባ 55 ግራም ነበር፤ አሁን 51። በአሥራ ስምንተኛው ቀን 48 ገደማ እንዲደርስ ነው የምንፈልገው፤ በሳምንቱ 4 ግራም ማጣት ፈጠነ። እርጥብ ስፖንጅ ተጨመረ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን 48 ላይ ደረሰ።

መብራት በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት ጠፋ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ክዳኑን አልከፈተችም፤ ቀዳዳዎቹን ትታ ጎኖቹን ብቻ በብርድ ልብስ ሸፈነች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ሙቀቱ 31 ገባ። ፍል ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ በጎንና በጎን ማቆም ነበረባት። የእሷ ምድጃ ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው። ከሰል የሚያነዱት ግድግዳ ማዶ ያሉት ናቸው።

እኔ እዚያ ነበርኩ። እናቴ ጥቂት ቆማ አሰበች። ከዚያ እንደ ድሮው ግድግዳውን በጡጫዋ ሁለቴ መታችው። ከወዲያ ዝም አለ። ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ፋኖስ ይዘው ቆመዋል። እናቴ «ፍል ውኃ አለሽ?» አለቻቸው። «አፈላልሻለሁ» አሉ። እስከ ንጋት ድረስ ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻው ጊዜ ጠርሙሱን አስቀምጠው ወደ ማሽኑ ሳያዩ ሊወጡ ሲሉ እናቴ እጃቸውን ያዘቻቸው። «እይአቸው እንጂ፤ ምን ያሸሽሻል?» አለች። አዩ። እትዬ ማየት ብቻ አይደለም፤ ተቀምጠውም አለቀሱ። እናቴ ስለ 27ቱም ስለ 18ቱም እያስረዳች ነጋ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አልሰማሁም። ግን የተደረገው እሱ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት መጀመሪያዋ ሸነቆረች። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ከመሸንቆር እስከ መውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ጫጩቱ ሰንፎ አይደለም፤ በሽፋኑ ላይ ያለውን ደም ወደ ሰውነቱ፣ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ ነው። አዝነን ቅርፊቱን የላጥንለት እንደሆነ ይደማል። ሲወጣም አይቸኮልም፤ ያስገባው አስኳል እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋልና ላባው እስኪደርቅ እዚያው ይቆያል። እናቴና እትዬ ቡናቸውን ማሽኑ ፊት አፍልተው፣ አንዷ ልትከፍት ስትል ሌላዋ እጇን እየመታች ዋሉ።

በማግስቱ 39 ቆጠርን። ለሰፈር ሰው ስድስት ተሸጡ፤ ዘጠኙ ለእትዬ ሄዱ፤ የቀሩት በአምፖል ሙቀት፣ 33 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ሆነው የፈንግል ክትባታቸውን ይጠብቃሉ። ወንድሜ ደውሎ ነበር። እናቴ ስልኩን ጫጩቶቹ ዘንድ ወስዳ አስጠጋችለት።

የቀሩትስ? ከ56ቱ ስድስቱ በሰባተኛው ቀን፣ ሦስቱ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወጥተው ነበር። ስምንቱ ቅርፊታቸው ውስጥ ቀሩ። ጓሮ ወጥተን ከፈትናቸው፤ አሁን ሦስት ሆነን። ሽፋናቸው እርጥብ ነው፤ ከረጢታቸውም ልኩ። ነገር ግን አምስቱ ጭንቅላታቸው ወደ ቀጭኑ ጫፍ ዞሯል፤ የአየር ከረጢቱን አላገኙትም። እንቁላል ቀጭን ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ የሚደርስ ነገር ነው። ክብ ክብ የሚሉት የአበሻ እንቁላሎች የቱ ጫፍ የቱ እንደሆነ በደንብ አይለዩም።

«ማነው ደግሞ…» ብላ ጀመረች እናቴ።

እትዬ ቀና ብለው አዩአት። እናቴ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እንዲህ ብላም ጻፈች፤ «5፣ ጭንቅላት በቀጭኑ ጫፍ። በሚቀጥለው ሳይገቡ በፊት የአየር ከረጢቱ ያለበት ጫፍ በመብራት ታይቶ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። 3፣ ምክንያቱ አልታወቀም።»